ልቡ የጠወለገ እንሰት

የታመመ እንሰት የሚታወቀው ከመሃሉ ነው። ከጫፉ የሚወጣው፣ ገና ያልተፈታው ጥቅልል ቅጠል ጤነኛ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጫፉ ዘንበል ሲል፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲሸሽ፣ አጠገቡ ያለው ቅጠልም ከአንገቱ ሲታጠፍ ነገሩ ከባድ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው ቢንጠለጠሉ ግን ማንም አይደነግጥም። እንሰት ከመሃል እየወለደ ከዳር ያረጃል። ድርቀቱ ከዳር ከጀመረ ዕድሜ ነው፤ ከመሃል ከጀመረ ቢላ አምጥቶ መመርመር ያስፈልጋል።

ከወልቂጤ ወደ እምድብር ሲኬድ፣ ወይም ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ከቤቱ ፊት ለፊት ጀፎረ፣ ሰፊው የሣር መንገድ፣ ተዘርግቷል፤ ከኋላ እንሰቱ በመደዳ ቆሟል። መንገደኛ የሚያደንቀው ጥላውን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ባለጓሮው በመደዳዎቹ መካከል ሲያልፍ የሚያነበው ነገር ነው። አንድ እንሰት እንዴት እንደቀጨጨ ከመመርመሩ በፊት የት ቦታ እንደቀጨጨ ያያል። እበትና አመድ የሚወጣው ከቤት ነው፤ ስለዚህ ለቤቱ የቀረበው መደዳ ጠቆር ብሎ ይወፍራል፣ እየራቀ ሲሄድ ይቀጥናል። ቅጥነቱ እንዲህ ቀስ በቀስ ከመጣ አፈሩ ተርቧል፤ የሚፈልገው ፍግ ነው። ዙሪያው ሁሉ ደልቦ መሃል ላይ አንዱ ብቻ ከተጎሳቆለ ግን ረሃብ አይደለም፤ ረሃብ አንዱን መርጦ አይዝም። ሁሉም ቀትር ላይ ቅጠላቸውን አጥፈው ማታ መልሰው ከዘረጉ ደግሞ ጥማት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይለቃል።

አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ፣ ለማያውቅ ሰው በሽታ የሚመስል። ከዓመታት ዕድገት በኋላ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች እያጠሩ ይሄዳሉ። ይህ እንሰቱ ሊያብብ መቃረቡ ነው። እንሰት በሕይወቱ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። አበባው ብቅ ሲል እንሰቱ ሳይውል ሳያድር ለቆጮ መፋቅ አለበት፤ ከቆየ በግንዱና ከመሬት ሥር ባለው አምቾው ያከማቸውን ሁሉ ለአበባውና ለፍሬው ይሰጣል።

ወደ ቢላው እንመለስ። ቢላው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ የግንዱን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የባሮ ሽንኩርትን ነጭ እግር አጋድሞ የቆረጠ ሰው የእንሰትን ግንድ ከሞላ ጎደል አይቶታል። የእንሰት ግንድ እንጨት አይደለም። የእያንዳንዱ ቅጠል ታችኛው ክፍል ሰፍቶ ሰገባ ይሆናል፤ ሰገባው ከእሱ በኋላ የተወለደውን ያቅፋል፤ ያኛውም ቀጣዩን። የውጪው አሮጌ ነው፤ የውስጡ ለጋ ነው። ሁሉም ከታች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ እሱም መሬት ውስጥ የተቀበረው አምቾ ነው። ሰገባውን በቁመቱ የሚያልፉት ውሃ የሚያመላልሱ ጭረቶች ናቸው፤ ሲፋቅ ቃጫ ሆነው የሚወጡትም እነሱ ናቸው። በጭረቶቹ መካከል በቀጫጭን ግድግዳ የተከፋፈሉ የአየር ክፍተቶች አሉ። እንሰት የሰው እጥፍ ቁመት ይዞ በነፋስ የሚቆመው በዚህ ሥሪት ነው። ጭረቶቹ ሁሉንም ቅጠል ከአምቾው ጋር ስለሚያገናኙ፣ በአንዱ ቅጠል በኩል የገባ በሽታ ለሌላው መንገድ አያጣም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከተጠረጠረው እንሰት የአንዱ ቅጠል አንገት በስለታም ቢላ አግድም ይቆረጣል። ቁርጡ ንጹሕ መሆን አለበት፤ የተጨፈለቀ ቁርጥ ምንም አያሳይም። ከዚያ መጠበቅ ነው። የጤነኛው ቁርጥ ወዲያው ረጥቦ፣ ጥርት ያለ ውሃ አውጥቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ቡናማ ይጠቁራል። የታመመው መጀመሪያ ከጤነኛው አይለይም። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ግን የጭረቶቹ አፍ ላይ ነጠብጣብ መታየት ይጀምራል፦ ወተት መሰል፣ አንዳንዴ ፈዛዛ ቢጫ፣ በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ። ነጠብጣቦቹ እየወፈሩ ይያያዛሉ። በሽታው ከገፋ የአየር ክፍተቶቹ ራሳቸው በዚሁ ዝልግልግ ተሞልተው ይገኛሉ። ሌላም መንገድ አለ፤ ከቁራጩ ትንሽ ተወስዶ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አፉ ብቻ እስኪነካ ይያዛል። ውሃው ካልተነቃነቀ ከቁራጩ ቀጭን ነጭ ክር ወደ ታች ሲወርድ ይታያል። ያ ክር ባክቴሪያ ነው።

ባክቴሪያው ዛንቶሞናስ ከሚባለው ወገን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ የገለጹት ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ። በ1974 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ሰዎች ሙዝ ላይም እንዳለ አሳወቁ። በ2001 እ.ኤ.አ. ዩጋንዳ ውስጥ ታይቶ የሙዝ ማሳዎችን አጠፋ። የግብርና ባለሙያዎች የእንሰት አጠውልግ ይሉታል። አንዴ የገባበትን እንሰት የሚያድን መድኃኒት የለም። 20 ሚሊዮን ለሚሆን ኢትዮጵያዊ ምግብ የሆነ ተክል ላይ የመጣ ስለሆነ፣ የአንድ ጓሮ ቢላ አያያዝ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ምክንያቱም በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ከሚያሻግሩት ሁሉ ዋናው ቢላው ነው። እንሰት በየጊዜው ይቆረጣል። ቅጠሉ ዳቦ ለመጠቅለል፣ የቆጮ ጉድጓድ ለመደልደል፣ ለከብት ለመስጠት ይፈለጋል። መስቀል ሲቃረብ ደግሞ የአዲስ አበባው ልጅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ክትፎው ቆጮ ይፈልጋል፤ ያ ቆጮ እንዲደርስ እንሰቱ ቀደም ብሎ ተፍቆ ጉድጓድ መግባት ነበረበት። ቢላ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዋሳል። የታመመውን የነካ ስለት ጤነኛው ቁርጥ ላይ ሲያርፍ ባክቴሪያው ጭረቱን ያገኘዋል። ጠንቃቃ ባለጓሮ ስለዚህ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሳይሻገር ስለቱን እሳት ላይ እያገላበጠ ያግለዋል፤ ወይም በረኪና ውስጥ ይነክረዋል። በጨርቅ መጥረግ አይበቃም። ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጡ መዋል ላለበት ሰው ደግሞ አሰልቺ ነው። እኔ ግን ከእንሰት ሙያ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ አላየሁም።

እንሰት የሚባዛውም በቢላው ነውና ስለ ማባዛቱ ጥቂት ልበል። እንሰት በፍሬ ሊበቅል ይችላል፤ ገበሬው ግን በፍሬ አያባዛም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆነው እንሰት በበጋ ይነቀላል። ግንዱ ከአምቾው ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ጥቂት ጉቶ ይቀራል። አሁን ረቂቁ ሥራ ይመጣል። ከጉቶው መሃል፣ ሰገባዎቹ ሁሉ በሚጠብቡበት ቦታ፣ አዲስ ቅጠል የሚወለድበት አንድ ነጥብ አለ። ነጥቡ እስካለ ድረስ በአምቾው ጎን የተኙትን እምቡጦች ተጭኖ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ተቦርቡሮ ይወጣል። ቆራጩ ጠለቅ ካለ አምቾውን ይጎዳል፤ ከፈራና ነጥቡን ከተወው መቶ ችግኝ ሲጠብቅ አንድ እንሰት መልሶ ይበቅልለታል። ነጥቡ በትክክል ከወጣ አምቾው እንዳለ፣ ወይም ለሁለት አሊያም ለአራት ተከፍሎ፣ ፍግ ከተቀላቀለበት አፈር ጋር ይቀበራል። ከሳምንታት በኋላ ዙሪያውን ይበቅላል፤ ከአንድ አምቾ በአሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ይወጣሉ፣ መቶ ያለፈም አለ።

ችግኞቹ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ተለያይተው ይተከላሉ። ከዚያ ወዲያ እንደገና ይነቀላሉ፣ እንደገና ይተከላሉ፤ በየጊዜው መካከላቸው እየሰፋ፣ በመጨረሻ አንዱ ከሌላው ሁለት ሜትር ያህል እስኪራራቅ። በጉራጌ ይህ ሥራ የወንዱ ነው፤ መፋቁ የሴቷ። ንቅለ ተከላው ቦታ ለማስፋት ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ተክሉ ከአፈር የወጣበት ብቸኛ ጊዜ ስለሆነ ሥሩ ይታያል።

ከላይ የማይነበበው በሽታ እዚያ ነው ያለው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ዕድገቱ ቆሞ፣ ቁርጡ ግን ንጹሕ የሆነ እንሰት አለ። በትከሻ ገፋ ሲደረግ ይወዛወዛል። ሲነቀል በቀላሉ እጅ ይሰጣል፤ ሥሩ ጥቂት ነው። ሥሩ ላይና አምቾው ላይ ነጭ ዱቄት የለበሱ ጥቃቅን ነፍሳት ተለጥፈው ይገኛሉ፤ ጉንዳኖችም ይመላለሱባቸዋል። ሚሊበግ ይባላሉ። ዱቄቱ ሰም ነው፤ ውሃ አያልፈውም። ጉንዳኖቹ የሚፈልጉት ከነፍሳቱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ይጠብቋቸዋል። ይህ ተባይ ከጓሮ ጓሮ በዋናነት የሚጓዘው ራሱ ችግኙ ላይ ሆኖ ነው። ሥሩ ላይ ጥቋቁር ቁስሎች ብቻ ካሉና ነጩ ዱቄት ከሌለ ደግሞ ኔማቶድ መጠርጠር አለበት። አምቾው ከሥር ተቦርቡሮ ጤነኛ ቅጠል ያለው እንሰት በድንገት ከወደቀ ፍልፈል ነው። ከመሬት በላይ በጥርስ የተጋጠው የጃርት ነው።

አጠውልግ መሆኑ ከተረጋገጠ እንሰቱ ከነአምቾው ይነቀላል። ከተቻለ የሚቀበርበት ጉድጓድ እዚያው አጠገቡ ተቆፍሮ በቦታው ይቆራረጣል፤ ጓሮውን አቋርጦ እየተጎተተ አይሄድም። ጠለቅ ተደርጎ ይቀበራል። ቅጠሉ ለከብት አይሰጥም። በቦታው ላይ ቶሎ ሌላ እንሰት አይተከልም። በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ፍለጋም አልቆመም፤ በወላይታ አረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ ይሠራል። ማዚያ የሚባለው ዝርያ ከሌሎቹ የተሻለ እንደሚቋቋም በሙከራ ታይቷል። ፈጽሞ የማይያዝ ግን የለም።

ባዶውን ቦታ የሚሞላ ችግኝ ከገበያ የሚገዛ ሰው ቅጠሉን አያይም፤ ቅጠሉ ለጉዞ ተቆርጧል። ችግኙን ገልብጦ ታችኛውን ቁርጥ ያያል። ነጭ፣ ጠንካራ፣ ያለ ነጠብጣብ ከሆነ ሥሩን በአውራ ጣቱ እየገለጠ ሚሊበግ ይፈልጋል። ከዚያ ከየትኛው ጓሮ እንደመጣ ይጠይቃል። ሻጩ መናገር ካልቻለ ቁርጡ የቱንም ያህል ቢነጣ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ባክቴሪያው ምንም ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት ተክሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።