የምልክት ማመንጫው ምን ያረጋግጣል?

በፋብሪካዎች የተተከሉ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች በትክክል መሥራታቸውን ለመፈተን፣ በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ምልክት ማመንጫ ከጥገና ባለሙያው የማይለይ ዕቃ ሆኗል። ማመንጫው የትራንስሚተሩን ቦታ ተክቶ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚደርስ ምልክት ወደ መቆጣጠሪያው ይልካል፤ ባለሙያውም የተላከውን ከተነበበው ጋር ያስተያያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ሥራ ለሙያ ሠልጣኞች ለማስተማር የተዘጋጀ አንድ የመልመጃ ወረቀት መመርመርና ጉድለቱን ለመምህራን ማመልከት ነው።

በቅድሚያ የወረቀቱን በጎ ጎን መጥቀስ ተገቢ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ሚሊ አምፔር የመለኪያውን 0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ እንደሚወክሉ በሠንጠረዥ ያሳያል። መነሻው 0 ሳይሆን 4 ሚሊ አምፔር የሆነበትንም ምክንያት በአጭሩ ያስረዳል፤ ይኸውም ሽቦ ሲበጠስ ምልክቱ ወደ 0 ስለሚወርድ፣ ብልሽቱ ከዝቅተኛው ልክ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚደመደመው ሠልጣኙ «መሣሪያው በትክክል ይሠራል» በሚል ዐረፍተ ነገር ሥር እንዲፈርም በማድረግ ነው። ዋናው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ማመንጫው የሚያረጋግጠው ከተገናኘበት ነጥብ ወዲያ ያለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ቦታውን ስለተካው ትራንስሚተር ምንም አይመሰክርም። ከ0 እስከ 10 ባር በሚያሳይ የቦይለር ግፊት መቆጣጠሪያ ላይ 12 ሚሊ አምፔር ተልኮ 5 ባር ቢነበብ ፈተናው ታልፏል። ነገር ግን ግፊቱን ወደ ትራንስሚተሩ የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧ በዝቃጭ ተደፍኖ ከሆነ፣ በቦይለሩ ውስጥ 9 ባር እያለ መቆጣጠሪያው 5 ሊያሳይ ይችላል። ያን ጊዜ ፊርማው የሐሰት ምስክርነት ይሆናል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በቦይለሩ አጠገብ በሚሠራው ሰው ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በሙቀት መልመጃው ላይ ይታያል። ወረቀቱ ለኬ ዓይነት ቴርሞካፕል፣ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድን የሚወክል 4.096 ሚሊ ቮልት በመዳብ ሽቦ እንዲላክ ያዛል። ይህ ቁጥር የሚያገለግለው የቀዝቃዛው ጫፍ ሙቀት 0 ዲግሪ ሲሆን ነው። መቆጣጠሪያው ግን በሽቦ ማሠሪያው ላይ ያለውን ሙቀት ለክቶ ማካካሻ ይጨምራል፤ በመሆኑም ሙቀቱ 20 ዲግሪ ቢሆን ንባቡ ወደ 119 ዲግሪ ይደርሳል። መላክ የነበረበት 3.298 ሚሊ ቮልት ነበር። ወረቀቱ ልዩነት ሲታይ «መቆጣጠሪያውን አስተካክል» ስለሚል፣ ሠልጣኙ ጤነኛውን መሣሪያ ያበላሻል።

መሣሪያው ጥቂት፣ ክፍለ ጊዜውም አጭር ነው የሚል መልስ ከመምህራን ሊቀርብ ይችላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ሆኖም የ24 ቮልት ቀጥታ ጅረት፣ የ820 ኦምና የ250 ኦም ቋሚ ሬዚስተሮች፣ እንዲሁም የ5 ኪሎ ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር በተከታታይ ቢያያዙ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ያለውን ክልል ይሸፍናሉ። በ250 ኦሙ ላይ ከ1 እስከ 5 ቮልት በተራ ቮልት ሜትር ይነበባል። ለመልመጃ ይህ ይበቃል።

ስለዚህ ወረቀቱ በሚከተለው መልክ ቢሻሻል መልካም ነው። አንደኛ፣ ምልክት ከመላኩ በፊት መቆጣጠሪያው ወደ እጅ ሥራ ይዛወር፤ አለዚያ የተላከው ምልክት ቫልቩን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛ፣ ከማናቸውም ማስተካከያ በፊት የተገኘው ንባብ ይመዝገብ፤ ፈተናውም ወደ ላይና ወደ ታች ይደረግ። ሦስተኛ፣ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ምትክ «የተፈተነው ክፍል» እና «ያልተፈተነው ክፍል» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይግቡ። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የተገዙትን ማመንጫዎች ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ሠልጣኙ ሁለተኛውን መስመር በትክክል መሙላት መቻሉን የሥልጠናው መመዘኛ ሊያደርጉት ይገባል።