«ሽታ አልባ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ባለፈው ታኅሣሥ ደሴ አክስቴ ቤት ስደርስ የሳሎኑ መስኮት ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ፣ መሃል ወለሉ ላይ ፍም የሞላ የከሰል ማንደጃ ተቀምጦ አገኘሁ። ግድግዳው ከተቀባ ሁለት ቀኑ ነው። ጥግ ላይ ሳህን ውሃ ውስጥ ግማሽ ሽንኩርት ተዘፍዝፏል፤ እጣንም ይጨሳል። «ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ነው፤ ሽታውንም ይወስደዋል» አለችኝ። ቀቢው ሲሄድ «አብሽሪ፣ ይሄ ሽታ የሌለው ነው» ብሏት ነበር። እውነትም ባዶው ጣሳ ላይ «ሽታ አልባ» ተብሎ ተጽፏል።

ማንደጃውን ወደ ደጅ አወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የጣሳውን ጽሑፍ እንደ አንድ መጽሐፍ እንገምግመው። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ግን እሱን አምኖ ልጆቹን እዚያ ክፍል የሚያስተኛ ሰው ብዙ ነው።

ቀቢዎቻችን «ፕላስቲክ ቀለም» የሚሉት ስም፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከጣሳው ጽሑፍ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው በእርግጥም ፕላስቲክ ነው፦ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ የሚያክሉ የሬዚን ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ተበትነው። ወተት ውስጥ ያለ ቅባት ማለት ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጨፈላለቃሉ፣ በመጨረሻም ተዋሕደው ስስ ቆዳ ይሆናሉ። ቀለሙን ግድግዳው ላይ የሚይዘው እሱ ነው።

ታዲያ ሽታው ከየት መጣ? ሬዚኑ ራሱ አይሸትም፤ በጣም ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ተንኖ አፍንጫችን ጋ አይደርስም። የሚሸተው ከሥራው የተረፈው ነው። ፋብሪካው እንደ ቡቲል አክሪሌትና ስታይሪን ያሉ ትናንሽ ሞለኪውሎችን (ሞኖመር ይባላሉ) እንደ ሰንሰለት ይቀጣጥላቸዋል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ቢቀጠል እንኳ የቀረችው ትንሽ ሞኖመር ትሸታለች። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነውን ኤቲል አክሪሌት አፍንጫችን ከቢሊዮን የአየር ክፍል አንድ ገደማ ሲሆን ያውቀዋል። የፋብሪካ ሰዎች ሽታ ለመቀነስ ያን ያህል የሚለፉት ለዚህ ነው፤ የሚጣሉት እኮ ከአፍንጫ ጋር ነው!

ዘዴዎቻቸው ደግሞ ደስ ይላሉ። አንዱ የቀረውን ሞኖመር አሳዶ መቀጠል ነው። ሬዚኑ ካለቀ በኋላ አንድ ፐርኦክሳይድና አስኮርቢክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አስኮርቢክ አሲድ ማለት ብርቱካን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አዲስ የመቀጣጠል ሥራ ይነሣል፣ የተረፈው ሞኖመርም ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል። ሌላው ዘዴ በሬዚኑ ውስጥ የውሃ እንፋሎት አሳልፎ የሚተነውን ጠርጎ ማውጣት ነው። የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም፤ ፐርኦክሳይዱ ራሱ ሲፈርስ የሚሸት ነገር ይተዋል። አንዳንዱ ሽታ ደግሞ ጭራሽ ሊቀጠል አይችልም። አዲስ ምንጣፍ ሲዘረጋ የሚሸተው፣ ፌኒልሳይክሎሄክሲን የሚባለው፣ ሬዚኑ ሲሠራ በጎን የሚወለድ ስለሆነ በእንፋሎት ካልሆነ አይወጣም።

አሞኒያም አለ። ሬዚኑ ጣሳው ውስጥ ሳይረጋ እንዲቆይ ይጨመራል፤ አይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢተኩት ሽታው ይጠፋል። ግን አሞኒያ ሥራውን ጨርሶ በሮ ይሄዳል፤ ሶዲየም ግድግዳው ላይ ይቀርና ቀለሙን ውሃ በቀላሉ እንዲያገኘው ያደርጋል። ሽታን መቀነስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የሆነ ቦታ ሌላ ነገር ትከፍላላችሁ።

እስካሁን ያልኩት ሙገሳ ነው፣ የሚገባም ሙገሳ ነው። ዘይት ቀለም በአንድ ሊትር በመቶዎች የሚቆጠር ግራም ማሟሚያ ወደ አየር ይለቃል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ለቤት ውስጥ ግድግዳ በሚሆን ደብዛዛ ፕላስቲክ ቀለም ላይ የፈቀደው በሊትር 30 ግራም ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከቆጠራው ነው። የአውሮፓው ሕግ «የሚተን ኦርጋኒክ ውሕድ» ብሎ የሚቆጥረው እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ የሚፈላውን ነው። ቅንጣቶቹ እንዲዋሐዱ የሚያለሰልሳቸው፣ ቴክሳኖል የሚባለው ፈሳሽ የሚፈላው ግን ትንሽ ከፍ ብሎ 255 አካባቢ ነው። ስለዚህ አይቆጠርም። ግድግዳው ግን ይህን ሕግ አላነበበም፤ ቴክሳኖሉ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይወጣል። አሞኒያም ኦርጋኒክ ስላልሆነ አይቆጠርም። እናም «ዜሮ» የተባለ ቀለም ሊሸት ይችላል፣ ማንም ሳይዋሽ።

ከዚህ የሚብሰው ተቃራኒው ነው፦ ሳይሸት የሚጎዳ። ሊድ አይሸትም። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2018 ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ስትወስን፣ የተዋጋችው ማንም አፍንጫ የማያውቀውን ነገር ነው። ሌላም ልጨምር። ውሃ ያለበት ነገር ይበሰብሳል፤ ባክቴሪያ የገባበት ፕላስቲክ ቀለም ጣሳው ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ለዚህ ነው። እንዳይበሰብስ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል መከላከያ ይጨመርበታል። ይህ ነገር ብዙም አይሸትም፤ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ግን አለርጂ ያስነሣል። አውሮፓ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ከሚሊዮን 15 ክፍል ከበለጠ ጣሳው ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ቀኑን ሙሉ እጁ ቀለም ውስጥ የሚውለው ቀቢ «ሽታ የለውም» ብሎ ጓንት ቢተው የሚከፍለው በቆዳው ነው።

አሁን ወደ ማንደጃው እንመለስ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። በብርድ ውሃው ቀስ ብሎ ይተናል፣ ቅንጣቶቹም ይደርቃሉ እንጂ በደንብ አይዋሐዱም። ቴክሳኖሉም እንደዚያው በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ረጅም ጊዜ ይወጣል። ሽታው ደካማ ግን እንግድነቱ ረጅም ነው። አክስቴ «ሙቀት ያስፈልገዋል» ማለቷ ሳይንሱ ልክ ነው። የሙቀቱ ምንጭ ነው ስህተቱ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሽታ ደግሞ ጭራሽ የለውም። እስቲ አስቡት፣ ከቢሊዮን አንድ የሚያውቀው አፍንጫችን ይህን አያውቀውም። የምትሸሸው የሚሸተውን ነበር፤ ያስገባችው ግን የማይሸተውን ነው።

ሽንኩርቱ የራሱን ሽታ ከመጨመር ያለፈ ነገር አያደርግም። እጣኑም እንደዚያው ነው፤ አየሩ ላይ ጭስ ይጨምራል እንጂ ቴክሳኖሉን አይነካውም። ያልነደደ ከሰል በቀዳዳዎቹ ትንሽ ሊይዝ ይችላል፣ ለውሃ ማጣሪያ ተብሎ ከሚዘጋጀው ጋር ግን አይወዳደርም። «ግን እኮ ሽታው ጠፍቷል» አለችኝ አክስቴ። አልጠፋም፣ አፍንጫዋ ለምዶት ነው፤ ደጅ ወጥታ አሥር ደቂቃ ቡና ጠጥታ ስትመለስ «ወይ ጉድ!» አለች።

የሚረዳው ተራ ነገር ነው፦ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ሁለት ትይዩ መስኮት ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ፣ ማታ ሌላ ክፍል መተኛት፣ ከተቻለ ለመቀባት ሞቅ ያለ ወር መጠበቅ። ቀለም ስትገዙም ሻጩን «ይሸታል?» ብላችሁ አትጠይቁት። በሊትር ስንት ግራም፣ ሊድ ስንት፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት ይቀባል ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት ግራ ተጋብቶ ያያችሁ ይሆናል፤ ሦስተኛው ሰው ሲጠይቀው ግን አከፋፋዩን መጠየቅ ይጀምራል።

የተረፈውን ግማሽ ጣሳ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ የራሴን ክፍል ቀባሁበት። ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ አገር ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሽታው ክፍሉ ውስጥ አላስቀምጥ አለኝ፤ በሳምንቱ ግን ከውጭ ስገባም አልሸተተኝም። አክስቴ ቤት በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ ግድግዳው ዝም ብሎ ነበር፤ ብርድ ልብስ ላወጣ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ግን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ።