የተሰረዘው ቃል፦ «ትእዛዘ ሰንበት» ስለ አምላክ ምን ያስተምረናል?

በትምህርት ቤት ስለ አይሁድ እምነት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠን ዝርዝር ነው። ራምባም ግብፅ ሆኖ በ1168 በፈጸመው የሚሽና ማብራሪያ ውስጥ፣ ሳንሄድሪን ምዕራፍ 10 ላይ፣ 13 መርሖችን አስቀመጠ። አምላክ አለ፣ አንድ ነው፣ አካል የለውም፣ መጀመሪያ የለውም፣ ጸሎት የሚገባው ለእርሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ነቢያት፣ ሙሴ፣ ቶራ፣ እያለ እስከ ትንሣኤ ሙታን ይደርሳል። ዝርዝሩ ለፈተና ይመቻል። ከዚያ ቤት ገብተን አያታችን «ሰንበት ታውጣን» ስትል እንሰማና ልባችን ይከፈላል፦ እንዴ፣ አምስተኛው መርሕስ? ወደ ሰንበት ይጸለያል እንዴ?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ብዙዎቻችን ሳንናገረው ደምድመናል፤ የአያቶቻችን እምነት ቅን ነው፣ ግን ጎደሎ ነው ብለን። እኔ ይህ ድምዳሜ ስሕተት ነው እላለሁ። ምክንያቴን ለማሳየት አንድ መጽሐፍ አብረን እንይ፦ «ትእዛዘ ሰንበት»።

መጽሐፉ የቤተ እስራኤል የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ጆሴፍ ሃሌቪ በ1902 ፓሪስ ላይ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳተመው፤ ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1951 በእንግሊዝኛ ባወጣው የቤተ እስራኤል ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ አስገባው። ስለ ፍጥረት ይናገራል፣ ስለ አብርሃም ይናገራል፣ በሰንበት የማይሠራውን ሥራ ይዘረዝራል። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም። ክብር ያላት፣ መላእክት የሚያጅቧት፣ ስለ ኃጢአተኞች ወደ ፈጣሪ የምትማልድ ሴት ናት። አያታችን ያንን ቃል ከየት እንዳመጣችው እዚህ ይገባናል።

«ታዲያ ይኸው፣ አማላጅ አለ ማለት ነው!» የሚል ይኖራል። ቆይ። መጀመሪያ የራቢዎቹን ቤት እንይ። ታልሙድ ውስጥ፣ ማሴኼት ሻባት 119 ላይ፣ ጠቢባን ዓርብ ማታ ለብሰው ሰንበትን እንደ ንግሥት፣ እንደ ሙሽራ ሊቀበሏት ይወጣሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን ሽሎሞ አልካቤጽ ጽፋት ላይ ያንን ሙሽራ የሚቀበለውን «ለኻ ዶዲ» ጻፈ፤ ዛሬ በየምኩራቡ ይዘመራል። በስሊሖት ጊዜ ደግሞ መላእክት ጸሎታችንን ወደ ላይ እንዲያደርሱ የሚለምን ጸሎት አለ። የፕራጉ ማሃራል ተቃውሞታል፤ ሌሎች ግን እስከ ዛሬ ይሉታል። ስለዚህ ክርክሩ በእኛና በእነርሱ መካከል አይደለም። በአይሁድ እምነት ውስጥ ያለ የቆየ ክርክር ነው፣ የእኛም መጽሐፍ የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባበታል።

ዝርዝሩም ቢሆን ያለ ክርክር አላለፈም። ራምባም አምላክ አካል አለው የሚልን ሰው ከመናፍቃን ሲቆጥረው፣ በዚያው ዘመን የነበረው ራባድ ከራምባም የሚበልጡ ሰዎች ሳይቀሩ እንዲህ አስበዋል ብሎ መለሰለት። ራባድ ራሱ አካል አለው ማለቱ አልነበረም፤ የተቃወመው በእንዲህ ያለ ስሕተት ሰውን ከማኅበር ማስወጣትን ነው። በኋላ ዮሴፍ አልቦ መሠረቶቹን 3 አደረጋቸው። አብራባኔል ደግሞ የቶራ ቃል ሁሉ እኩል ስለሆነ መሠረት ብሎ መለየት አይገባም አለ። 13 ቁጥር ከሲና አልወረደም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤተ እስራኤል የእምነት ዝርዝር አልጻፉም። ይህ ማለት ግን መርሕ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። መርሑ የሚነበበው በተሰረዘው ቃል ነው። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከቤተ እስራኤል የግዕዝ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ክርስቲያኖች መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው። ይህን የሚሰማ ወጣት አንዳንዴ ያፍራል። ማፈሩ ግን መጽሐፉን ሳይከፍት ነው። ገልባጮቹ ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ። የክርስቲያኑ መጽሐፍ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ሲከፈት፣ የእኛዎቹ ያንን አውጥተው የእስራኤልን አምላክ በሚባርክ ቃል ተኩት። «አርድእት» የሚባለው መጽሐፍ በክርስቲያኖች ዘንድ ኢየሱስ ለደቀ መዛሙርቱ ምሥጢር ሲገልጥ ያሳያል፤ በቤተ እስራኤል ቅጂ ምሥጢሩን የሚገልጠው ሙሴ ነው። ቋንቋው አንድ፣ ብራናው አንድ፣ አምላኩ ግን ሌላ አካል የማይጨመርበት አንድ።

እስቲ አስቡት። የገዢው ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግዕዝ ነበር፣ ሥላሴ በየመጽሐፉ ራስጌ ነበር። ያን ሁሉ ተቀብሎ አንዱን ቃል ብቻ አልቀበልም ማለት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ራምባም «አንድ ነው» ብሎ ጻፈ። የእኛ ገልባጭ «ሦስት ነው» የሚለውን ፋቀ። እኔ ሁለቱን እኩል የእምነት መግለጫ አድርጌ አነባቸዋለሁ።

መጽሐፉን ግን ማሞገስ ብቻ አይበቃም፤ ድካምም አለበት። ቅጣቱ ይበዛል፣ የተከለከለው ይደጋገማል። ሰንበት ብዙ ስትናገር ፈጣሪ ወደ ኋላ የሚል የሚመስልባቸው ቦታዎች አሉ። ፍቀቱም የትም ሙሉ አይደለም፤ በቤተ እስራኤል መጻሕፍት እዚህም እዚያም የድሮው አሻራ ቀርቷል። ቢሆንም አንድ ነገር አይደበዝዝም፦ ሰንበት ትለምናለች እንጂ አትፈርድም። ይቅር የሚለው እርሱ ብቻ ነው። አያታችን ሰንበትን ስትጠራ ሌላ አምላክ አልጠራችም፤ በአምላክ ፊት የቆመችውን ቀን ጠራች።

ይህ ለእኛ ኑሮ ምን ይጠቅማል? ዓርብ ከሰዓት የአፉላን ታሐና መርካዚት እዩት። ወታደሩ ቦርሳውን ይዞ ይሮጣል፣ እናቶች የገበያ ጋሪያቸውን ይጎትታሉ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጠ አለቀ። ከዚያ ጣቢያው ጭር ይላል። ለብዙዎቻችን ሻባት ማለት ይኸው ነው፦ አውቶቡስ የሌለበት ቀን። ዝርዝሩ አምላክ አለ ይለናል፣ የጉዞ ሰሌዳው ሻባት ገባ ይለናል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ግን ማንንም አያስጠብቁም። «ትእዛዘ ሰንበት» ግን ጭር ባለው ሰዓት አንድ እንግዳ እየመጣ ነው ይላል። አካል የሌለውን አምላክ በምን እንቀበለዋለን? በጊዜ፣ ይላል መጽሐፉ። ስለ አምላክ ያለው ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

የሚያሳዝነው መጽሐፉን የምናገኝበት ቦታ ነው። በዕብራይስጥ ሲወራ ብዙውን ጊዜ በ«ፎልክሎር» ስር፣ ከእንጀራና ከእስክስታ ጋር ይመደባል። በ1973 ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከወሰኑ በኋላ እንኳን፣ ከኦፕሬሽን ሙሴ የመጡት ወላጆቻችን ጥምቀት (ትቪላ) ተጠይቀው በ1985 በኢየሩሳሌም በዋና ራቢነቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተቃወሙ። ክርክሩ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ ሕግ ነበር፣ ስለ አምላክ አልነበረም። ልጆች ግን የሰሙት «አምላካችሁን በደንብ አታውቁትም» የሚል ነው። ያ ቁስል በስግድ በዓል ሕግ፣ በ2008 በወጣው፣ ብቻውን አይድንም። በዓሉ ታወቀ፤ ትምህርቱ ገና አልታወቀም።

ለታላላቆቻችንም አንድ ቃል አለኝ፣ በአክብሮት። «ዝም ብለህ እመን፣ አትጠይቅ» የሚለው መልስ ወጣቱን ወደ ዝርዝሩ ብቻ ይገፋዋል፤ እዚያ ቢያንስ መልስ አለና። ቄሶቻችን ግዕዙን ያውቃሉ፣ እኛ ዕብራይስጡን እናውቃለን። ለሚቀጥለው ስግድ ከአፉላ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወርድ መንገዱ ረጅም ነው። አንድ ቄስ አጠገብ ተቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ሰንበት ስትለምን እርሱ ምን ይመልስላታል? መልሱን በዕብራይስጥ ጻፉት፣ ከራምባም 13 መርሖች ጎን አስቀምጡት፣ ከዚያ ክርክሩን እንጀምር።