ስለ ጉባኤ ዕድገትና ስለ ታሪኩ አጻጻፍ

ሰው ልጅ ሲወለድለት የተወለደበትን ቀን ይጽፋል፤ ልጁ አድጎ ከጎለመሰ በኋላ ምን እንደ ሠራና ምን እንዳጠፋ የሚጽፍ አባት ግን ጥቂት ነው። የክርስቲያን ጉባኤም ነገር ይህንኑ ይመስላል። የተወለደበት ዘመን በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ በየኢዮቤልዩው በዓል ይነበባል። ከተወለደ በኋላ እንዴት እንዳደገ፣ በምን እንደ ተለወጠ፣ ዛሬስ በምን ፈተና ላይ እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው በሐዲያ፣ በከምባታና በወላይታ ያለው የወንጌል አማኞች ጉባኤ ታሪኩ እስካሁን እንዴት እንደ ተጻፈና ከአጻጻፉ የተነሣ ምን እንደ ጎደለብን ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ቶማስ ላምቢ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ባልደረቦቹ በታኅሣሥ ወር 1920 ዓ.ም. ለሥራ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ሐሳባቸው ወደ ጅማ ለመሄድ ነበር፤ ዳሩ ግን ጉዟቸው ወደ ደቡብ አዘንብሎ በከምባታ አውራጃ በሆሳዕና፣ በወላይታ በሶዶ፣ በሲዳሞም ጣቢያ ከፈቱ። ጥቂት ዓመታት እንዳስተማሩ የጣልያን ጦር አገራችንን ወረረ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ከሶዶ ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል ምእመናን ቆዩአቸው። በመካከሉ የጉባኤው መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ የጸሎት ቤቶችም ፈርሰዋል።

ይህን ነገር ለዓለም ካሰሙት መጻሕፍት ቀዳሚው ሬይሞንድ ዴቪስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ነው፤ ርእሱ በአማርኛ «እሳት በተራሮች ላይ» እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው ራሱ በአገራችን ሚሲዮናዊ የነበረ ሰው ነው። የመጽሐፉ መልካምነት ሊካድ አይገባም። ሚሲዮናዊ ስለ ሚሲዮን ሲጽፍ ራሱንና ጓደኞቹን ማመስገን በተለመደበት ዘመን፣ ዴቪስ የነጮቹን መውጣት ለሥራው በረከት አድርጎ ጻፈ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉትን በግርፋት የጸኑ የወላይታ ሰዎችም ከፊት አቆማቸው። ብዙ የውጭ አገር ሰው የአገራችንን ገበሬ አማኝ በስሙ ያወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ማዶ ላለው ደጋፊ ነው፤ ደጋፊውም ሊሰማ የሚወደው ተአምሩን ነው። ስለዚህ ከ48 ወደ 10,000 የሄደውን መንገድ «ተአምር ነው» ብሎ ያሳየናል እንጂ መንገዱ በምን በምን እንደ ተጠረገ በሚገባ አይነግረንም። እኔም የእግዚአብሔርን እጅ አልክድም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር በሰው እጅ ሲሠራ የሰውየው እጅ ምን ይዞ እንደ ነበር ማወቅ ለልጅ ልጅ ይጠቅማል። ተአምርን ልጅ ሊወርሰው አይችልም፤ ሥራን ግን ሊማረው ይችላል። ፒተር ኮተሬል በ1973 ያሳተመውም መጽሐፍ ታሪኩን ይበልጥ በጥያቄ ይመረምረዋል፤ ሆኖም ስሙ ራሱ የሚናገረው ስለ ልደት ነው፤ ጉባኤዋን «በእኩለ ሌሊት የተወለደች» ይላታልና።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሁለት ሊቃውንት ጉድለቱን በከፊል ሞልተዋል። ብራያን ፋርገር በ1996 ባሳተመው ጥናት አዲሶቹ ጉባኤዎች ከመጀመሪያው ራሳቸውን እንዲችሉ የታሰበበት መሆኑን ያስረዳል። ይህ ሐሳብ በዓለም ላይም የታወቀ ነበር። ሮላንድ አለን የተባለው የእንግሊዝ ቄስ በ1912 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ጉባኤ ተክሎ ኃላፊነቱን ለአገሩ ሰዎች ትቶ ይሄድ እንደ ነበረ፣ የዘመኑ ሚሲዮኖች ግን ጉባኤውን እንደ ሕፃን አዝለው እንደሚኖሩ ጽፎ ነቅፎ ነበር። ፖል ባሊስኪም በ2009 ስለ ወላይታ ወንጌላውያን ባሳተመው ጥናት እነዚህ ሰዎች አገራቸውን ትተው ወደ ሌሎች የደቡብ ሕዝቦች እንዴት እንደ ሄዱ ያሳያል። ወንጌላዊውን ጉባኤው ይመርጠዋል፣ ይጸልይለታል፣ ካለው አዋጥቶ ይልከዋል። ድኻው ጉባኤ ሰጪ የሆነው ገና በልጅነቱ ነው። የዕድገቱ ምሥጢር ይህ ይመስለኛል፤ ሸክሙን ራሱ ስለ ተሸከመ ትከሻው ጠነከረ።

እንሰት የሚተክል የአገራችን ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል። ገበሬው ከእንሰት ሥሩን ወስዶ፣ ልቡን አውጥቶ፣ ከፍግ ጋር በአፈር ይቀብረዋል። ከዚያ ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ተጨናንቆ ይወጣል፤ የሚያየውም ሁሉ ይደነቃል። ዳሩ ግን ችግኙ በበቀለበት ቢተው እርስ በርሱ ይተናነቃል እንጂ ቆጮ አይሆንም። ስለዚህ ይነቀልና ተራርቆ ይተከላል፤ ጊዜው ሲደርስ እንደገና ይነቀልና ይበልጥ ተራርቆ ይተከላል። ብልህ ባለ ጓሮ የሚመሰገነው በችግኙ ብዛት አይደለም፤ ሳይሰለች ነቅሎ በመትከሉ ነው። የታሪክ መጻሕፍታችን ግን የችግኙን መብቀል ጽፈው ስለ መነቀሉና ስለ መተከሉ ዝም ይላሉ። ዝም ከተባሉት ነገሮች ሦስቱን እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው፣ ከወንጌል በፊት የነበረው የሕዝቡ ሃይማኖት ነው። በየበዓሉ የሚታተሙት ትንንሽ መጻሕፍት ያንን ዘመን «ጨለማ» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። የሐዲያ አባቶች ፋንዳኖ በሚባለው እምነታቸው ግን ከሁሉ በላይ የሆነ አምላክ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ይጾሙ፣ ይጸልዩ፣ የተከለከለውንም ምግብ ይጠብቁ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪኽ ብራውኬምፐር ስለ ሐዲያ በጻፋቸው ሥራዎች ይህን በሰፊው አስረድቷል። እንግዲህ ወንጌል የመጣው መጾምንና ሽማግሌ ማክበርን ወደማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። ዘር የወደቀበትን መሬት ሳይመረምሩ አዝመራውን ማድነቅ የገበሬ ወግ አይደለም።

ሁለተኛው፣ መለያየታችን ነው። ከከምባታና ከሐዲያ አማኞች ከፊሉ ከሚሲዮኑ ተለይተው ለብቻቸው ቆሙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተባበሩ። የቀሩት ዛሬ ቃለ ሕይወት በምንላት ቤተ ክርስቲያን ጸኑ። ወንድማማች በሁለት አጥር ተለያይቶ ኖረ። ይህን የሚያህል ነገር በበዓል መጻሕፍት ውስጥ ወይ አይገኝም፣ ወይም በአንድ መስመር ይታለፋል። ሐዋርያት ራሳቸው ጳውሎስና በርናባስ እንደ ተጣሉ ሳይደብቁ ጽፈውልናል፤ ያንን ማንበባችን እምነታችንን አላናጋውም። እኛ ግን ጠብን መጻፍ ጠብ ማንሣት ይመስለናል፤ እንዲያውም ያልተጻፈ ጠብ ነው ከልጅ ወደ ልጅ በሹክሹክታ የሚተላለፈው።

ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ሳሉ መከራው አንድ አደረጋቸው። በደርግ ዘመን፣ በተለይም በ1970ዎቹ፣ በደቡብ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ምእመናንም በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። በዚያ ጊዜ ጉባኤውን በጓዳቸው ያኖሩት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ቡና አፍልተው፣ እንግዳ መስለው የመጡትን ተቀብለው፣ በር ላይ ልጅ አስቀምጠው ጸሎቱን ጠበቁት። የኮሚቴ አባላት ፎቶግራፍ በተደረደረበት የበዓል መጽሐፍ ውስጥ ግን የአንዲቱም ስም አይገኝም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ዝምታ ስለ ዛሬው ትውልድ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነፃነት መጣ። የተዘጋው ተከፈተ፣ በሣር የተከደነው በቆርቆሮ ተከደነ፣ የመዘምራን ቡድንና የሙዚቃ መሣሪያ በየአጥቢያው ገባ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ከሐዲያ ዞን ሕዝብ ከአራቱ ሦስት እጅ ገደማ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነኝ አለ። ቍጥሩ ያስደስታል፤ ግን አንድ ነገር ይለውጣል። የመጀመሪያው አማኝ ለማመን ከጎረቤቱ ተለይቶ ይወጣ ነበር፤ የዛሬው ልጅ ግን ለማመን ከጎረቤቱ ጋር መቀመጥ ብቻ ይበቃዋል። አያቱ ዋጋ የከፈለበትን እርሱ በቅርስ አገኘው። ቅርስን ደግሞ የሚጠብቀው ያገኘው ሰው ሳይሆን ዋጋውን የተማረ ሰው ነው።

ይህ ትውልድ ዛሬ በመንገድ ላይ ነው። ከሆሳዕና፣ ከፎንቆ፣ ከዱራሜ፣ ከየገጠሩም ጎልማሶች በኬንያና በታንዛንያ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ምክንያቱ አይደበቅም፤ መሬቱ ጠቧል፣ የተማረውም ሥራ አያገኝም። የሄደው ልጅ በሚልከው ገንዘብ የእናቱ ቤት ተሠርቷል፣ ታናናሾቹ ተምረዋል፣ ብዙ የጸሎት ቤትም ቆርቆሮ ለብሷል። ስለዚህ መሄድ ኃጢአት ነው አልልም። ነገር ግን ፍልሰቱን ያጠኑ ምሁራን አንድ ነገር ጽፈዋል፤ በ1993 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሆሳዕና የመጣ የውጭ አገር ሰባኪ «የደቡብ በር ይከፈታል» ብሎ ትንቢት እንደ ተናገረ በሕዝቡ ዘንድ ይወራል፤ ብዙዎችም ጉዞውን እንደ እግዚአብሔር ጥሪ ይቈጥሩታል። ከዚያ ወዲህ ደላላው ሲቀጥር ነቢይ ነኝ ባዩ ይባርካል፤ ቤተሰብም በሬውን ሸጦ ይከፍላል።

የመንገዱ ፍጻሜ ግን ሁልጊዜ ሱቅ መክፈት አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ ተነገረ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ በሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች ሬሳ በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነርሱም ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። እነዚህ ቍጥሮች የተነበቡት በዜና ነው። ከ48 ወደ 10,000 የሚለውን ቍጥር በየዓመቱ የሚያነበው መድረክ እነዚህን ቍጥሮች ሲያነብ አልሰማሁም።

እንግዲህ ነቀፋዬ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጉባኤ ታሪኩን ሁሉ በተአምርና በቍጥር ከጻፈ፣ ልጆቹ ዕድገት ማለት ተአምርና ቍጥር ነው ብለው ይማራሉ። ከዚያ በኋላ «በሩ ተከፍቷል» የሚል ሰው ሲመጣ የሚመዝኑበት ሚዛን የላቸውም። አባቶች ወንጌላዊ ሲልኩ መርጠው፣ ጸልየው፣ አዋጥተው እንደ ላኩ ቢነገራቸው ኖሮ ግን፣ ዛሬም ልጁን ለመንገድ የሚባርከውን ሰው «ማን ይቀበለዋል? ቢታሰር ማን ይጠይቀዋል? ቢሞትስ ለእናቱ ማን ይነግራታል?» ብለው በጠየቁት ነበር። መባረክ ቀላል ነው፤ ለባረኩት ሰው መልስ መስጠት ግን የአባት ሥራ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ያሳሳቀን ቍጥር ልጆቻችንን እየወሰደ ነው።

«የቤተ ክርስቲያንን ነውር መጻፍ ደካማውን ያሰናክላል» የሚል ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ሐሳቡ ከፍቅር ስለ ሆነ አልንቀውም። ይሁን እንጂ ደካማውን የሚያሰናክለው በጨለማ የተቀመጠ ድንጋይ ነው፤ መብራት የበራበትን ድንጋይ ሰው ያልፈዋል። የእስራኤል ታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሣቸውን የዳዊትን በደል ባይጽፉልን ኖሮ ስለ ንስሓው ምን እንማር ነበር?

ስለዚህ ለየአጥቢያው ሽማግሌዎች አንድ ምክር አቀርባለሁ፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። አንድ መዝገብ ይገዛ፣ ሦስትም ክፍል ይኑረው። በመጀመሪያው ክፍል ጉባኤውን በቤታቸው ያስጠጉት ሰዎች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ተጠይቀው ይጻፉ። በሁለተኛው ክፍል ጉባኤው የተጣላበትና የታረቀበት ነገር፣ የሁለቱም ወገን ቃል ተሰምቶ ይጻፍ። በሦስተኛው ክፍል ከአጥቢያው ወጥቶ የሄደ ልጅ ሁሉ ስሙ፣ የሄደበት ቀን፣ የደረሰበትም ወይም የቀረበት ስፍራ ይጻፍ። በበዓሉም ቀን ከምእመናን ቍጥር ጋር ይህ ሦስተኛው ክፍል በመድረክ ላይ ይነበብ፤ በመንገድ የቀሩትም ስማቸው ተጠርቶ ይታሰቡ።

ይህ የተደረገበት ጉባኤ በቍጥር ይብዛ ወይም ይነስ አላውቅም። የዚያ ጉባኤ ጎልማሳ ግን ከመሄዱ በፊት አያቱ እንዴት እንደ ተላከ አንብቦ ይሄዳል፤ እናቱም ስሙ የተጻፈበት ገጽ እንዳለ ታውቃለች።