«ጨለማ ቁስ» ወይስ «ስውር ቁስ»? በአንድ ሙያዊ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ቃል ወደ ቋንቋችን ሲገባ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል፤ አንደኛው የሳይንሱ ሐሳብ፣ ሁለተኛው የሰሚው ልማድ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው «ጨለማ ቁስ» ወይም «ጥቁር ቁስ» እየተባለ የሚተረጐመውን ስያሜ ነው።

በቅድሚያ ነገሩን እንመልከት። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 በኮማ ክምችት ውስጥ ያሉት ጋላክሲዎች ፍጥነት በሚታየው ቁስ ስበት ብቻ ሊገታ እንደማይችል አስተዋለ። የጐደለውንም ቁስ በጀርመንኛ «ዱንክለ ማተሪ» አለው። በ1970ዎቹ ቬራ ሩቢንና ባልደረቦቿ የጋላክሲዎችን ሽክርክሪት ለክተው ግምቱን አጠናከሩት። በዛሬው ስሌት ይህ ቁስ ከጽንፈ ዓለሙ ይዘት 27 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የምናውቀው ተራ ቁስ 5 በመቶ ገደማ ነው። በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሴርን፣ በጣሊያንም 1400 ሜትር ያህል ዐለት ከበላዩ ባለው የግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ፣ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ሳይንቲስቶች ቅንጣቱን በኅብረት ይፈልጋሉ፤ እስካሁን ግን በቀጥታ አልተገኘም።

እንግዲህ ስያሜው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጨለማ የብርሃን አለመኖር ነው፤ ጥቁር ደግሞ ብርሃንን የሚውጥ ነው። ይህ ቁስ ግን ብርሃንን አያመነጭም፣ አይውጥም፣ አያንጸባርቅም፤ ብርሃን ሳይገታ ያልፈዋል። ከዚህም በላይ «ጥቁር» የሚለው ቅጽል «ጥቁር አካል» እና «ጥቁር ጉድጓድ» በሚሉት ስያሜዎች ውስጥ ቦታውን ይዟል፤ ሁለቱም ብርሃንን ይውጣሉ። ፈረንሳዮች «ጥቁር» ማለታቸው ለእኛ ምክንያት ሊሆነን አይገባም።

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሳይንስን በአማርኛ የሚጀምር ልጅ «ጨለማ ቁስ» ሲባል የሚታሰበው ጨረቃ ያልወጣችበት ሌሊት ነው፤ ፋኖስ ቢበራ ቁሱ የሚታይ ይመስለዋል። ትክክለኛው ሐሳብ ግን ከቆላው ኑሮ የራቀ አይደለም። በበጋ ጅረት ሲደርቅ በአሸዋው ላይ ውሃ አይታይም፤ በዳርቻው ያሉት ዛፎች ለምልመው ሲታዩ ግን ውሃው ከሥር መኖሩ ይታወቃል። ውሃው ስውር እንጂ ጨለማ አይባልም። ሳይንቲስቶቹም እንዲሁ የማይታየውን ከሚታየው ውጤት አወቁት።

ስለዚህ «ስውር ቁስ» የሚለውን እንመርጣለን። እርግጥ «ስውር» ያለ ሰዋሪ አይታሰብም፣ «ስውር ደባ»ንም ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ «ስውር ስፌት» ስንል ክሩ ባይታይም ጨርቁን አያይዞ መያዙን እንጂ ደባን አናስብም። ጋላክሲዎችን በስበቱ አያይዞ የያዘውም ቁስ እንደዚሁ ነው።

ይህ ምርጫ ተከታይ ግዴታ አለው። ቁሱን «ስውር» ያልን እንደሆነ ጓደኛውንም «ስውር ኢነርጂ» ልንለው ይገባል። «ስውር ኃይል» ብንል ግን፣ «ኃይል» ለግፊያና ለጉተታም ስለሚያገለግል አዲስ ብዥታ እንፈጥራለን።

በአንጻሩ «ቅንጣት» የሚለው ስያሜ ሊመሰገን ይገባዋል። ከእህል ተወስዶ ለፊዚክስ ሲውል ጤፍና ማሽላ የሚያመርተው የይፋት ገበሬ ሳይቀር ትንሽነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ተርጓሚዎቻችን ቃል ከመምረጣቸው በፊት ነገሩ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቁ፣ ሌሎችም ስያሜዎች እንደ «ቅንጣት» ባልተቸገሩ ነበር።