የሞቱት ሲነሱ፣ የዳነው ሲገደል

በመጠለያችን ወጣቶች ዘንድ ግድያ የበዛበትና አስፈሪ ፊልም ብዙ ተመልካች አለው። በሚሞሪ ካርድ ተገልብጦ ይመጣል፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ ማታ ራኩባ ሥር ተሰብስበው ያዩታል። ወላጆች ደግሞ «በዓይናችን ያየነው አይበቃም ወይ?» እያሉ ይቆጣሉ። ቁጣው አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ነበር ያለው። እኛ ግን መከልከል ብቻውን መልስ አይመስለንም። ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ብንማር ይሻላል። ለዚህም አንድ የቆየ ፊልምና በኋላ እንደገና የተሠራውን እናወዳድር።

ፊልሙ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ይባላል፤ የሕያዋን ሙታን ሌሊት እንደ ማለት ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቁርና ነጭ ሠራው። በቅርብ የሞቱ ሰዎች እየተነሱ በሕይወት ያሉትን ይበላሉ። ሰባት ሰዎች አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ተዘግተው ያድራሉ። ቤን የተባለው በሩንና መስኮቱን በጣውላ ይመታል። ሃሪ የተባለው አባወራ «ምድር ቤት ገብተን እንቆለፍ» ይላል፤ ቤን እምቢ ይላል። ሌሊቱን በዚህ ሲጨቃጨቁ ያድራሉ። ሙታኑ እኮ ቀርፋፎች ናቸው፤ ቤቱን የሚያፈርሰው የውስጡ ጠብ ነው። ሃሪ ቤንን ውጭ ይዘጋበታል፣ ቤንም በመጨረሻ ሃሪን በጥይት ይመታዋል።

ከሁሉም የሚተርፈው ቤን ብቻ ነው፤ ያውም አልገባም ባለው ምድር ቤት ተደብቆ። ሲነጋ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሙታኑን እየገደሉ ይመጣሉ። ቤን ድምፅ ሰምቶ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። «ማን ነህ?» ያለው የለም። ከሩቅ አይተው ግንባሩን ይሉታል፣ ሬሳውንም ከሙታኑ ጋር ያቃጥላሉ። ቤንን ሆኖ የሚጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፤ የሚገድሉት ነጮች ናቸው። ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት ዓመት ነው። ፊልሙ ስለ ዘር አንዲት ቃል አይናገርም፣ ግን መናገር አላስፈለገውም።

ይኸው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1990 በቀለም እንደገና ተሠራ። ጽሑፉን ያሻሻለው ራሱ ሮሜሮ ሲሆን አዘጋጁ ቶም ሳቪኒ ነው። ሳቪኒ በቬትናም ጦርነት የውጊያ ፎቶግራፍ ያነሳ የነበረ፣ በኋላም ቁስልና ደም በሜካፕ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። አዲሱ ፊልም አንድ ነገር በትክክል አሻሽሏል። በመጀመሪያው ባርብራ የተባለችው ሴት ደንግጣ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብላ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ግን የምታስብ፣ የምትታገልና የምትተርፍ ሆናለች። ሴት ተማሪዎቻችን ይህን ቢያዩ ደስ ይለናል።

መጨረሻው ላይ ግን ትልቅ ነገር ጠፍቷል። በ1990ው ፊልም ቤን ሞቶ፣ እሱም ከሙታኑ አንዱ ሆኖ ሲወጣ ነው የሚተኮስበት። እንግዲህ ተኳሾቹ አልተሳሳቱም ማለት ነው! ሃሪ ደግሞ በሕይወት ሲገኝ ባርብራ ራሷ ትገድለዋለች፣ ተመልካቹም «ይበለው» ይላል። የመጀመሪያው ሐዘን ይዘን እንድንወጣ ያደርገናል፤ ሁለተኛው የበቀል እርካታ ሰጥቶ ያሰናብተናል። ከዚያ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ሙታኑን ማስሮጥ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና የተሠራው «ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ» ለዚህ ምሳሌ ነው። ሙታኑ ሲሮጡ ፍጥነቱ ያስደነግጣል፣ ግን ሰዎቹ የሚጨቃጨቁበት፣ እኛም የምናስብበት ጊዜ ያጥራል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ድንበር ተሻግረን ኡም ራኩባና ቱናይድባ የደረስን ሰዎች፣ ከሩቅ ታይቶ ሳይጠየቁ መፈረጅ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በአንድ ጣራ ሥር ተጠልሎ መናቆርንም እናውቃለን። መጥፎ ፊልም «በጨለማ የመጣውን ሁሉ ቀድመህ ተኩስ» ብሎ ያስተምራል። ጥሩ ፊልም የተተኮሰበት ማን እንደነበረ ያሳያል። ደም ሳይበዛም ፍርሃትን ማሳየት ይቻላል። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረበው «ጤዛ» ውስጥ ልጆች የውትድርና አፈሳ ፈርተው ዋሻ ይደበቃሉ። ጭራቅ የለም፤ ፍርሃቱ ግን የምናውቀው ነው።

መምህራን ሆይ፣ እነዚህን ፊልሞች ለትናንሽ ልጆች አናሳይ። ያየው ነገር እንቅልፍ የሚነሳውንም ተማሪ እንዲቀመጥ አናስገድደው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን የ1968ቱን አሳይቶ ማወያየት ይጠቅማል። የባለቤትነት ማስታወቂያ ሳይጻፍበት ስለወጣ በአገሩ የማንም መብት የለበትም፣ መገልበጥም ይቻላል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ቤቱን ያፈረሰው ማን ነው? ቤንን ማን መጠየቅ ነበረበት? አንተ ወይም አንቺ መሣሪያው በእጃችሁ ቢሆን፣ መስኮቱ ላይ የቆመው ሰው መሆኑን እንዴት ታውቁ ነበር?