ገብርዬ የሌለበት ቴዎድሮስ

ትካዜ የወረሰውን ጀግና አብዝተን እንወዳለን፤ ለዚህም ዐፄ ቴዎድሮስን የሚያህል አላገኘንም። በትያትርም ሆነ በዴም ቡና ላይ በሚነሣ ወግ፣ ቶሎ የምንደርሰው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ፣ ሽጉጡ ዘንድ ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በስቅለት ዕለት፣ ከአምባው በታች እሮጌ ላይ የወደቀውን ፊታውራሪ ገብርዬን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ይህ የድርሰት ጉድለት ነው።

ባልደረባ ለጀግና ምን ይሠራለታል? አንደኛ፣ ጆሮ ይሆነዋል። ብቻውን የሚተክዝ ሰው ሐሳቡ ለአንባቢ አይሰማም። በ1605 እ.ኤ.አ. በታተመው የሰርቫንቴስ መጽሐፍ ዶን ኪሾት መጀመሪያ ብቻውን ወጥቶ ተደብድቦ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ሲወጣ ሳንቾ ፓንዛ አብሮት ነበር፤ ጨዋታው የደመቀውም ከዚያ ወዲህ ነው። አሜሪካኖችም ባትማን የተባለውን ጨለምተኛ ጀግና በ1939 እ.ኤ.አ. ብቻውን አውጥተው፣ ዓመት ሳይሞላው ሮቢን የሚባል ልጅ ጨመሩለት።

ሁለተኛ፣ ልጓም ይሆነዋል። ቴዎድሮስ እቴጌ ተዋበችን በ1850 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊውን ጆን ቤልን በ1853 ዓ.ም. በሞት አጣ። ቤል ሊቀ መኳስ ነበር፤ ሊቀ መኳስ ማለት ጠላት እንዲሳሳት በጦር ሜዳ ንጉሡን መስሎ የሚለብስ ሹም ነው። የሞተውም ንጉሡን ሲከላከል ነው። ተው የሚሉት ሰዎች ካለፉ በኋላ የንጉሡ ቁጣ እየከፋ ሄደ።

ሦስተኛ፣ የጀግናውን ሞት ክብደት ይሰጠዋል። ቴዎድሮስ ከላይ ሆኖ እያየ ገብርዬ ወደ እንግሊዞች ጠመንጃና ሮኬት ወረደ። ገብርዬን ያላወቀ አንባቢ፣ ንጉሡ ሽጉጡን ከማንሣቱ በፊት ምን እንዳጣ አያውቅም።

ታማኝነት ብቻ ግን ገጸ ባሕርይ አያደርግም። አሽከር ሆኖ የሚከተል ጥላ ነው። ደራሲ ገብርዬን ሲያቀርብ ከመውረዱ በፊት ያናግረው፤ ይከራከር፤ ከዚያ ይውረድ።

ይህ እኛንም ይነካል። ለዚህ ጽሑፍ በሚላኩ ታሪኮች ስደተኛው ሁልጊዜ ብቻውን ነው፤ ዓባይ ዳር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል፣ ይተክዛል። እንዲህ ያለ ስደተኛ በዴም ማን አየ? አንድ ክፍል ለአምስት ለስድስት ተከራይተን፣ ሥራ ያገኘው ያላገኘውን እያበላ ነው የኖርነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመርም የወጣነው ተደጋግፈን ነው። ታሪካችን ይህን ከደበቀ እንዴት እንደተረፍን ልጆቻችን አያውቁም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጀግናችሁ ይተክዝ፣ ግድ የለም። ግን ማን ውሃ እንዳቀበለው፣ ማን ተው እንዳለው፣ ስሙን ጠርታችሁ ጻፉልን።